ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ምግብና ጁስ ቤት፦ ሽሮው ይበላ፣ ስፕሪሱ ይቆይ

ፒያሳ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ምግብና ጁስ ቤት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ስለማይገኝ ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ስሙ እዚህ አይጻፍም፤ ቀጥሎ የሚነሱት ጉድለቶች በብዙ ቤቶች ያሉ ስለሆኑ አንዱን ለይቶ ማሳጣት አይገባም። ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ስለ ጣዕም ይኸው ይበቃል። የሚመዘነው ሳህኑና ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርሱ በምን ውሃና በማን እጅ እንዳለፉ ነው።

መመስገን ያለበት ይቅደም። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ አስተናጋጁ አስቀምጦት ከሄደ በኋላም መፍላቱን አያቆምም። ምግብ እስከ መሃሉ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎቹ በጣም በአጭር ጊዜ ይሞታሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ከ70 በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ከዚህ ቤት ምናሌ ውስጥ ሳያሳስብ የሚታዘዘው ሽሮው ነው። ጥብሱም ይከተለዋል፤ ሽንኩርቱ የሚቁላላው ትእዛዙ ከገባ በኋላ ስለሆነ ሽታው ሳሎኑ ድረስ ይደርሳል።

እንጀራው ራሱ አያሳስብም። ምጣድ ላይ በስሎ የወጣ፣ የኮመጠጠ ነገር ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባበትም። የሚያሳስበው ጠቅልሎ የሚያቀርበው እጅ ነው። እዚህ ቤት ሂሳብ የሚቀበለው አስተናጋጅ በዚያው እጁ ጭማሪ እንጀራ አንስቶ ትሪ ላይ ያስቀምጣል። ብሩ ከስንት ኪስ እንደመጣ አይታወቅም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አንድ የእንጀራ መቆንጠጫ፣ ወይም ገንዘብ የሚነካ ሰው ምግብ እንዳይነካ ሥራን መለየት። ጓንት ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ጓንት ያደረገ ሰው እጁ ሲቆሽሽ ስለማይሰማው ብር ተቀብሎ፣ ጠረጴዛ ጠርጎ፣ በዚያው ዳቦ ሲቆርጥ ይውላል።

መግቢያው ላይ ባለ ቧንቧ በርሜል አለ፣ ሳሙናም አለ። ጥሩ ነው። ግን ሳሙናው ውሃ ባቆረ ሳህን ላይ ተቀምጦ ሟሙቷል፣ ከጎኑም ሁሉም የሚጠርግበት አንድ ፎጣ ተሰቅሏል። ሳሙናው ቀዳዳ ባለው ነገር ላይ ቢቀመጥ ይደርቃል። ፎጣው ግን መነሳት አለበት፤ እርጥብ ጨርቅ የታጠበን እጅ መልሶ ያቆሽሻል። እጅን አራግፎ በአየር ማድረቅ ወይም ሶፍት መጠቀም ይሻላል። መታጠቡ ራሱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል፤ የጣት መሃል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ተፈትጎ ማለት ነው። ቅባት ያለበት እጅ ላይ የሚቀባ የአልኮል ጄል ሳሙናን አይተካም፤ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ የተባለ ቫይረስ ደግሞ በደንብ አይገድልም። በየቤታችን እንግዳ ሲመጣ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ መቆም የቆየ ወግ ነው፤ ከንጽህናም አንጻር ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ውሃው እየፈሰሰ ያልፋል እንጂ ሁለት ሰው በአንድ ውሃ አይታጠብም። ምናሌውንና ወንበሩን ነክቶ ከጨረሱ በኋላ መታጠብ ይሻላል፤ ታጥቦ ተቀምጦ ምናሌ ሲያገላብጡ ቆይቶ መቁረስ የታጠቡትን ዋጋ ያሳጣዋል።

አሁን ወደ ውሃው። የዚህ ቤት ችግር ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ቧንቧ ሲቋረጥ ቤቱ ከጀሪካን ይጠቀማል። ጀሪካኖቹ ንጹሕ ናቸው፣ ክዳንም አላቸው። ግን ውሃው ወደ ሰፊ ባልዲ ይገለበጥና ባለ እጀታ ጣሳ እየተነከረ ይቀዳል። ጣሳው ሲያርፍ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው፤ የሚያነሳው ሰው ጣትም ባልዲው ውስጥ ይገባል። ከምንጩ ንጹሕ የነበረ ውሃ ቤት ውስጥ የሚበከለው በዚህ መንገድ ነው። ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ቢቀመጥ ማንም እጁን አያስገባም። የሮቶ ክዳን ተከፍቶ ከዋለም አቧራና የወፍ ኩስ ይገባል፤ ሮቶ በየጊዜው ባዶ ተደርጎ ውስጡ ተፈትጎ በክሎሪን (በረኪና ውስጥ ያለው ጀርም ገዳይ) መታጠብ አለበት።

የሚጠጣና ጁስ ውስጥ የሚገባ ውሃ መታከም ይኖርበታል። ሽታ ያልተጨመረበትና 5 በመቶ ያህል ጥንካሬ ያለው በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ ይበቃል፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ የሚያንስ። አናውጦ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ውሃው ከደፈረሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መጠኑን በእጥፍ ማድረግ። በተለይ ለውሃ ማከሚያ የሚሸጠው መድኃኒት ጥንካሬው ከበረኪና ስለሚለይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከተል ነው። ክሎሪን የማያስተማምነው ለጃርዲያና ለአሜባ ነው፤ እነሱን የሚገድለው ማፍላት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚገኝ ቦታ የሚመከረው ውሃው ፍል ፍል ማለት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ደሴ እዚህ ውስጥ ትገባለች። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ስለሆነች 1 ደቂቃ ይበቃታል።

የቤቱ መታወቂያ ስፕሪሱ ነው። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሃል፣ ፓፓያው ከላይ፣ ሎሚ ጎኑ ላይ። ሲያዩት ያስጎመጃል። ግን ፍሬው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተልጦና ተቆርጦ በላስቲክ ሳፋ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ፣ 8 ሰዓት ላይም ከዚያው እየተወሰደ ይፈጫል። አምስት ሰዓት ማለት ነው። ባክቴሪያ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ አንዷ በ4 ሰዓት ውስጥ 4,096 ትሆናለች። «ደሴ እኮ ብርድ ናት» የሚለው መልስ አይሠራም፤ አደገኛው ክልል ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ነው፣ የደሴ ቀንም ሆነ ከምድጃ ጎን ያለ ባንኮኒ እዚያው መሃል ናቸው። የተቆረጠ ፍሬ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች ወደሆነ ፍሪጅ መግባት ወይም እንደታዘዘ መቆረጥ አለበት። አቮካዶና ፓፓያ እምብዛም ኮምጣጣ ስላልሆኑ ራሳቸውን አይከላከሉም፤ ላያቸው ላይ የሚጨመቀው ሎሚም ጣዕም እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ሌላው ልጣጩ ነው። ልጣጩ ስለሚጣል ማንም አያጥበውም። ቢላው ግን ልጣጩን ሲቆርጥ ላዩ ላይ ያለውን አፈርና ፋንድያ ይዞ ወደ ሥጋው ይገባል። አቮካዶም ማንጎም ከመቆረጡ በፊት በሚፈስ ውሃ፣ በብሩሽ መፈተግ አለበት። እዚህ ቤት ከጆንያው ወጥቶ ቀጥታ ወደ መክተፊያው ነው የሚሄደው።

መፍጫው በየብርጭቆው መሃል ውሃ ተጨምሮበት፣ አንዴ ዞሮ ይደፋል። ይህ መታጠብ አይባልም። ከምላጩ ሥር ያለችው ክብ ጎማ ናት የሁሉ መደበቂያ፤ የፍሬ ጭማቂ ሥሯ ገብቶ ይቆያል፣ በነጋታው ያዳልጣል፣ ይሸታል። አጠባቡ ይህ ነው፦ ከኤሌክትሪክ መንቀል፣ የታችኛውን ቆብ ፈትቶ ምላጩንና ጎማዋን ማውጣት፣ እያንዳንዱን በሞቀ ውሃና በሳሙና መፈተግ፣ ማለቅለቅ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ አንድ ሁለት ደቂቃ መንከር፣ ሳይጠርጉ አየር ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ መግጠም። ሥራ ላይ እያለ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ። ፈጣሪ ይስጣቸው፣ የጁስ ባለሙያዎቹ ቀልጣፎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለተኛ መፍጫ ካልተገዛላቸው ሰልፍ ባለበት ሰዓት ይህን የሚያደርጉበት ፋታ የላቸውም። ይህ የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

ብርጭቆና ሲኒ የሚታጠቡት በአንድ ሳፋ ነው። ውሃው ሻይ መስሏል፣ ላዩ ላይ የወተት ቅባት ይንሳፈፋል። በረኪና ጠብ ተደርጎበታል፤ ሽታው ይሰማል። ሽታው ግን ሊያታልል አይገባም፤ ክሎሪን መጀመሪያ የሚበላው ቆሻሻውን ነው፣ ቅባትና የፍሬ ቅሪት ውስጥ ሲገባ ጉልበቱን እነሱ ላይ ጨርሶ ለጀርሙ የሚተርፍ ነገር የለውም። ስለዚህ ነው ሦስት ሳፋ የሚያስፈልገው። በመጀመሪያው ሳሙናና ሙቅ ውሃ፣ በሁለተኛው ማለቅለቂያ፣ በሦስተኛው 4 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና። ዕቃው ቢያንስ 1 ደቂቃ ይነከርና አፉ ተደፍቶ በወንፊት መደርደሪያ ላይ ይደርቃል። ሦስተኛው ውሃ ሲደፈርስ ይደፋል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ «ይበልጥ ያጸዳል» ብሎ የሚሞክር ስላለ ነው መነሳቱ። አስተናጋጆቹ አራት ብርጭቆ በአንዴ ለማንሳት ጣታቸውን አፉ ውስጥ ማስገባታቸውም ይቅር። የለስላሳ ጠርሙስ ሲቀርብ አፉን በሶፍት መጥረግ፣ ስትሮ ከሆነ ደግሞ በወረቀት የታሸገውን መጠየቅ ነው።

በያይነቱው ለዓይን የተዋበ ነው። ምስሩና ክኩ ትኩስ ይመጣሉ። መሃል ላይ ያለው ሰላጣ ግን ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው፤ እሳት አይነካውም፣ ቅጠሉም አፈር ይይዛል፣ በወንዝ ውሃ የለማ ከሆነ ደግሞ ወንዙ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። የቦርከና ወንዝ ደሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ምን ይዞ እንደሚሄድ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ በሚፈስ ውሃ ይታጠባል፤ የትላትል እንቁላል የሚለቀው በክሎሪን ሳይሆን በመታጠብ ነው። ከዚያ በ4 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ተጨምሮ 5 ደቂቃ ይነከርና በታከመ ውሃ ይለቀለቃል። እዚህ ቤት ሰላጣው ጥሬ ሥጋ በተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሲከተፍ ከሳሎን ይታያል። ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ቢላ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም። እስኪስተካከል «ሰላጣው ይቅር፣ ጎመን ይጨመር» ብሎ ማዘዝ ያዋጣል።

ፓስታው ጠዋት ተቀቅሎ በትልቅ ድስት ይቆያል፣ ሲታዘዝ በስጎ ይሞቃል። ፓስታና ሩዝ ላይ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም፤ ትውከቱ ከተበላ ከ30 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ቀድሞ መቀቀል ግድ ከሆነ በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጎ ዘርግቶ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በተከታዩ 4 ሰዓት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ ማውረድ ነው። ጥልቅ ድስት መሃሉ እስከ ማታ ይሞቃል።

ክትፎ ለብ ለብ ኮሶን አይገድልም። የበሰለ ይታዘዝ።

ቡናው ጥሩ ነው፤ ጀበና ውስጥ ስለፈላ ውሃው አያሳስብም፣ የሚያሳስበው ከላይ የተነሳው የሲኒ ሳፋ ነው። «ሲኒውን በፈላ ውሃ አለቅልቂልኝ እህቴ» ቢባል እዚህ ቤት ማንም አይቆጣም፣ በደስታ ያደርጉታል። ለማኪያቶ የሚመጣው ወተት ከገበሬ ስለሆነ መጀመሪያ መፍላት አለበት፤ በስቲሙ ብቻ መሞቁ አያስተማምንም። ስቲም የሚወጣበት ቱቦ ላይ የደረቀ ወተት ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ከእያንዳንዱ ወተት በኋላ ስቲሙን ለአፍታ ለቆ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነበረበት።

ሽንት ቤቱ ውሃ አለው፣ ሳሙና የለውም። ሠራተኞቹም የሚጠቀሙት ያንኑ ነው።

እዚህ በልቶ በማግስቱ «ታይፎይድ ያዘኝ» የሚል ሰው ቤቱን ያለ ጥፋቱ ይከሳል፤ ታይፎይድ ከተበላ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 30 ቀን ቆይቶ ነው የሚታየው። በዚያው ቀን የመጣ ትውከት ግን ፓስታውን ወይም ባንኮኒ ላይ የዋለውን ፍሬ ያስጠረጥራል።

ለጊዜው የሚታዘዘው፦ ተጋቢኖ፣ ጥብስ፣ ሰላጣ የሌለበት በያይነቱ፣ ቡና በፈላ ውሃ በታጠበ ሲኒ። ስፕሪሱ ባለ ቧንቧ ጀሪካን፣ ሁለት ተጨማሪ ሳፋና ፍሬው የሚገባበት ፍሪጅ እስኪመጣ ይቆያል። ፍሪጁ እንኳ አለ፤ ለስላሳ ሞልቶበት ነው።