ፒዬዞ በወጉ የሚገጥም ባለሙያ ለምትፈልጉ ሁሉ፦ ጋሼን እናመሰግናለን

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልን! ፒዬዞ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክሪስታል ስለገጠሙለት፣ የባንዳችን ኤሌክትሪክ ጊታር ዛሬ ከማግኔት ፒካፖቹ (ከክሮቹ ሥር ሆነው ድምፁን ከሚይዙት) ድምፅ ሌላ ንጹሕ የአኩስቲክ ድምፅ ያወጣል። ሠርግ ላይ ዘፈን መሃል ጊታር መቀያየር ቀርቷል። ስማቸውን አደባባይ እንዳናወጣ ስለለመኑን እዚህ አንጽፈውም፤ አዲስ አበባ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ አድራሻቸውን ሳንሰስት እንሰጣለን።

ከእሳቸው በፊት ጊታሩን የነኩት ሰዎች ስም ይቅር። የሠሩት ሥራ ግን ሌላው ሰው ገንዘቡንም ጊታሩንም እንዳያጣ መነገር አለበት። አንዱ ለማንቂያ ጩኸት የሚሠራውን ባለ 27 ሚሊሜትር የፒዬዞ ዲስክ ስፖንጅ ባለው ባለሁለት ገጽ ፕላስተር ፖቶቹ (የሚዞሩት የድምፅ ማስተካከያዎች) ካሉበት ጉድጓድ ውስጥ ለጠፈና «አለቀ» አለ። ስፖንጅ ንዝረት ይውጣል፤ ቀጭኑ ድምፅ ዲስኩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ጉድጓዱ ደግሞ ክሮቹ ከሚያርፉበት ከብሪጁ የራቀ ስለሆነ ከክሩ ይልቅ የክንድ መተሻሸትና የኬብል መነቃነቅ ጎልቶ ይሰማል። ሌላው ደግሞ በሰው ከውጭ የመጣውን ጥሩ ዕቃ፣ ግራፍ ቴክና ፊሽማን የሚሠሩትን ዓይነት ክሪስታል ውስጡ ያለበት ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩን የሚሸከመውን ክፍል) ተቀብሎ በቀጥታ 500 ኪሎኦም ፖት ላይ አሰረው። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ሆነ። ሲጠየቅ «የፒዬዞ ድምፅ እንዲህ ነው» አለ። ከሁሉ ያንገበገበን ይህ ቃል ነው፤ ይህን አምኖ ደህና ዕቃ ፈትቶ የሚጥል ሰው ስንት አለ!

ጋሼ ጊታሩን በእጃቸው ሳይከፍቱ ሰሙትና «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው በፈር ነው» አሉ፤ በፈር የፒዬዞውን ደካማ ድምፅ ሳያሳሳ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ትንሽ ሰርኪት ነው። ነገሩን ወረቀት ላይ አስልተው አሳዩ። ፒዬዞ ለኤሌክትሪኩ ካፓሲተር ነው። 1 ናኖፋራድ ያህል የሆነ ፒዬዞ 500 ኪሎኦም ላይ ሲታሰር ከ318 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። የስድስተኛው ክር ኢ ደግሞ 82 ኸርዝ ነው፤ ቤዙ የት እንደጠፋ ይኸው። ያንኑ ፒዬዞ 10 ሜጋኦም ላይ ብታስሩት ወሰኑ ወደ 16 ኸርዝ ይወርድና የጊታሩ ድምፅ በሙሉ ያልፋል።

በፈሩን የሠሩት ቲኤል 062 በሚባለው አይሲ (የማጉያ ቺፕ) ነው። ቲኤል 072ም ይሠራል፣ ግን ባትሪ ይበላል፤ 062 ግማሽ ሚሊአምፔር እንኳ ስለማይስብ አንድ ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ በመቶዎች ለሚቆጠር ሰዓት ይበቃዋል። ሁለት 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ቮልቱን ለሁለት ከፍለው 4.5 ይሰጣሉ፤ ከዚያ ነጥብ ወደ አይሲው መግቢያ 10 ሜጋኦም፤ መውጫው ላይ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ፕላሱ ወደ አይሲው ዞሮ፤ ከካፓሲተሩ በኋላ 25 ኪሎኦም የቮሊውም ፖት። በፈሩ ጊታሩ ውስጥ መሆኑ ግድ ነው። የኬብል ካፓሲታንስ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ስለሆነ፣ ፒዬዞውን ያለ በፈር በረጅም ኬብል ወደ ሚክሰር ብትልኩት ገና መንገድ ላይ ድምፁ ይቀንሳል።

ሳድሎቹን ሲገጥሙ ያየነው ጥንቃቄ ይለያል። ሽቦው ከብሪጁ ወደ ፖቶቹ ጉድጓድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በ3 ሚሊሜትር መብሻ በሱት፤ ጥልቀቱን አስቀድመው ለክተው መብሻው ላይ ፕላስተር ጠምጥመው ምልክት አድርገዋል፣ በጀርባ በኩል እንዳይወጣ። ብሪጁ ሲታሰር ሽቦ ከሥሩ ከተጨፈለቀ የዚያ ክር ድምፅ ይጠፋል፣ ስለዚህ ብሎኑን ከማጥበቃቸው በፊት እያንዳንዱን በቴስተር ለኩ። ጤነኛ ፒዬዞ በኦም ሲለካ ክፍት ነው፤ ቁጥር ካሳየ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ሶልደሩን በ2 ሰከንድ ውስጥ ነክተው ያነሱታል፤ ሙቀት ሲበዛበት ክሪስታሉ ኃይሉን ያጣል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ሳድሉ ብረት ካልሆነ ደግሞ ክሩ ከግራውንድ ሊለያይ ይችላል፤ ይህንንም በቴስተር አረጋገጡ። ጉድጓዱን በመዳብ ወረቀት አልብሰው ከግራውንድ አገናኙት። ኧርዝ በሌለው መስመር ለሚጫወት ባንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፒዬዞ የኤሌክትሪክ እምምታን ፈልጎ የሚይዝ ዕቃ ነውና።

አሁን ዋናው። ሁሉም ታስሮ፣ ማግኔቱም ፒዬዞውም ለየብቻ ሲሰማ ግሩም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ቤዙ ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ኢኳላይዘር ነካክቶ ያስረክብ ነበር። ጋሼ ግን ስድስተኛውን ክር ብቻ እየመቱ ሁለቱን እኩል ከፈቱ፣ አንዱን ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ፤ ከዚያ «እርስ በርስ ይጣላሉ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል» አሉ። የሁለቱ ድምፅ ሞገድ ተቃራኒ ነው፣ በእንግሊዝኛ phase የሚሉት ችግር አለ ማለታቸው ነው። የተለመደው መፍትሔ የማግኔቱን ሁለት ሽቦ ማገለባበጥ ነው፤ ሦስት ፒካፕ ካለ ግን ሦስቱም መገልበጥ አለባቸው፣ አለዚያ እነሱ ራሳቸው ይጣላሉ። የፒዬዞውን ሽቦ መገልበጥ ደግሞ ሺልዱን (ሽቦውን ዙሪያውን የሚሸፍነውን ብረት) ወደ ድምፅ መስመር አስገብቶ እምምታውን ይጠራል። እሳቸው አንዱንም አላደረጉም። ቲኤል 062 ውስጡ ሁለት ማጉያ አለው፤ ያልተጠቀሙበትን ሁለተኛውን በሁለት እኩል 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ገልባጭ አድርገው ፒዬዞውን በእሱ አሳለፉት። ሌላ ዕቃ አልተገዛም፣ የፒካፕ ሽቦ አልተነካም። ቤዙ ተመለሰ! ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ሒሳብ አልጠየቁም፤ «ይሄ የእኔ ሥራ እንጂ የእናንተ ጥፋት አይደለም» ነው ያሉት። እግዜር ይስጥልን ጋሼ!

መውጫው ስቴሪዮ ጃክ ነው፦ ጫፉ ማግኔት፣ ቀለበቱ ፒዬዞ፣ እጀታው ግራውንድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባትሪ ባለበት ጊታር የስቴሪዮ ጃክ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ማብሪያ ነው፤ ለድምፅ ከዋለ ባትሪው የራሱ ማብሪያ ያስፈልገዋል። ጋሼ የፒዬዞውን ቮሊውም በሚሳብ ፖት አድርገው ማብሪያውን እዚያው ላይ አሰሩት። ሰው ረስቶ ሞኖ ኬብል ቢሰካ ቀለበቱ ከግራውንድ ስለሚነካ፣ አይሲው እንዳይጨነቅ መውጫው ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አስቀመጡ። በመጨረሻም የገመዱን ንድፍ በእጃቸው ሥለው፣ ቀለሞቹን ጽፈው የጀርባ ክዳኑ ውስጥ ለጠፉት። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢከፍተው እንዳይቸገር ብለው። ሙያውን የሚደብቅ በበዛበት ይህን የሚያደርግ ስንት ሰው አለ?

ፒዬዞውን ወደ ጊታር አምፕ አትላኩት። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ብዙም አያወጣም፣ ድምፁ ይታፈናል። በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ለሚክሰር እንዲመች በሚለውጥ ሳጥን) ወደ ሚክሰር ላኩት፤ ከ1 እስከ 3 ኪሎኸርዝ መሃል የሚጮኸውን ቦታ ፈልጋችሁ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ቀንሱለት። አንድ ክር ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከተሰማ መጀመሪያ የሳድሉን ሁለት የከፍታ ብሎኖች እዩ፤ አንደኛው እግር ከተንጠለጠለ ክሪስታሉ በደንብ አይጫንም።

ክራርና መሰንቆ ተጫዋቾችም ሂዱላቸው። እዚያ ላይ ያ ርካሹ ዲስክ በትክክል ይሠራል፣ ካፓሲታንሱ 20 ናኖፋራድ ያህል ስለሆነ 1 ሜጋኦም መግቢያ ይበቃዋል። የሚለጥፉት በስሱ ሱፐር ግሉ፣ ከብሪጁ እግር አጠገብ ነው፤ ቆዳው እንዳይከብድበትም አነስ ያለውን ዲስክና ቀጭን ሽቦ ይመርጣሉ።

እባካችሁ ሥራ አብዙላቸው፣ ይገባቸዋል። ስትሄዱ ጊታሩን ሁልጊዜ በምትጫወቱበት ውፍረት አዲስ ክር አስራችሁ፣ መድረክ ላይ የምትጠቀሙበትን ኬብልና አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት የሰው አምፕሊፋየር ሲጠግኑ ነው የሚያረፍዱት።