አልጋ ላይ ከመቅረት ያወጣችኝ ፊዚዮቴራፒስት

ይህን የምስጋና ጽሁፍ ለመጻፍ 8 ወር ጠብቄአለሁ። ረስቼ አይደለም። መሻሌን ሳላረጋግጥ ሰው ወደማንም አልልክም ብዬ ነው። አሁን አረጋግጫለሁ።

51 ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ሥራዬ ቆሞ መዋል ነው። ከ2 ዓመት በፊት ወገቤን ያመኝ ጀመር። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ቀስ እያለ ግን ሕመሙ ወደ መቀመጫዬና ወደ ጭኖቼ ወረደ። ሰሌዳ ፊት ሩብ ሰዓት ስቆም እግሮቼ ይከብዱኛል፣ ይደነዝዙኛል። የፊተኛው ዴስክ ላይ ተደግፌ ጎንበስ ስል ይለቀኛል። ቀና ስል ይመለሳል። ቁጭ ካልኩ ደግሞ ጭራሽ ምንም እንዳልነበረብኝ እሆናለሁ። ይህን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። "ስትቀመጪ ደህና ነሽ አይደል?" ይሉኛል። አዎ፣ ደህና ነኝ። ግን ሥራዬ ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም።

ተመረመርኩ። ውጤቱን የነገረኝ ሰው ቸኩሎ ነበር። "የወገብ አጥንትዎ ተንሸራቷል። ከባድ ነገር አያንሱ፣ እረፍት ያድርጉ" ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አጥንት ተንሸራተተ ሲባል እኔ የታየኝ ከግንብ ላይ ሊወድቅ ጫፍ የደረሰ ድንጋይ ነው። ባስነጥስ እንኳ የሚወድቅ መሰለኝ። 3 ሳምንት ተኛሁ። ጫማዬን ለማሰር ፈራሁ። ሌሊት ስገላበጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ ስነሳ ሕመሙ ያው ነው፤ እግሮቼ ግን ከስተዋል፣ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል።

ወደዚህች ፊዚዮቴራፒስት የላከችኝ አንዲት ባልደረባዬ ናት። ሳልወድ በግድ ነው የሄድኩት። ጀርባዬን አሽታ የምትሸኘኝ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን እጇን ጀርባዬ ላይ ከማሳረፏ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። ስንት ደቂቃ መቆም እችላለሁ? ዳገት ነው ቁልቁለት የሚብሰው? ጋሪ ነገር እየገፋሁ ስሄድ ይሻለኛል? (አዎ፣ ይሻለኛል። እንዴት እንዳወቀች ገረመኝ።) ሽንት መቆጣጠር አስቸግሮኝ ያውቃል? ከዚያ በጣቶቼ ጫፍ አስኬደችኝ፣ በተረከዜ አስኬደችኝ። ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገች። የእግሮቼን ስሜት ግራና ቀኝ እያነጻጸረች ፈተሸች። ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችና "ሲያነሱዎት ቆመው ነበር ወይስ ተኝተው?" አለችኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ለካ የዚህ ዓይነት መንሸራተት ሰው ሲተኛ ሊቀንስ ይችላል። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳው የሰውነት ውስጥ ምስል) አብዛኛውን ጊዜ ተኝተን ነው የምንነሳው፤ ስለዚህ ቆመው የተነሱት ራጅ የሚያሳየው እሱ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ አንድ ነገር አለችኝ፣ ሸክሜን ያወረደልኝ። "በእርስዎ ዕድሜ ይሄ ብርቅ አይደለም። ምንም ሳያማቸው ይዘውት የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አሉ።"

ቤቴ ገብቼ እውነቷን እንደሆነ ለማየት አነበብኩ። እውነቷን ነው። ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ከ4,000 በላይ ሰዎች ወገባቸው በራጅ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት እንደሚለው ከ100 ሴቶች 8 ያህሉ፣ ከ100 ወንዶች ደግሞ 3 ያህሉ የወገብ አጥንታቸው ተንሸራቶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጭራሽ ጀርባቸውን የማያማቸው ሰዎች የተነሷቸው ምስሎች ከ33 ጥናቶች ተሰብስበው ታዩ። በ50 ዓመት ዕድሜ ከ100 ሰው 14ቱ፣ በ60 ዓመት 23ቱ ላይ መንሸራተት ይታያል የሚል ግምት ነው የወጣው። እነዚህ እንግዲህ ምንም የማያማቸው ናቸው! ቁጥሩ እንደ አለካኩና እንደ ተመረመሩት ሰዎች ይለያያል። እኔን ያረጋጋኝ ግን አንድ ነገር ነው። ብቻዬን አይደለሁም፤ ፎቶው ላይ የታየው ነገርም ብቻውን ፍርድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ፣ ሁሉም ሰው የሚቀላቅለው ስለሆነ። "ዲስክ ተንሸራተተ" የሚባለውና የእኔ ችግር አንድ አይደሉም። ዲስክ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ትራስ ነው፤ እሱ ሲያብጥ ወይም ሲወጣ ነርቭ ይጫናል። የእኔ ግን አጥንቱ ራሱ ነው ወደፊት የሄደው። እኛ ቤት እንኳ እስካሁን "የእማዬ ዲስክ" ነው የሚሉት።

እንዴት እንደሚሆን ስታስረዳኝ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ደራርባ በመሀላቸው እርጥብ ስፖንጅ አደረገች። ስፖንጁ ውሃውን ሲጨርስ ይሳሳል። የላይኛው መጽሐፍ መወላወል ይጀምራል። ዲስክም እንደዚሁ ከዕድሜ ጋር ውሃው ይቀንሳል፣ ይሳሳል። አጥንቶቹን ከኋላ የሚያያይዙት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ያልቃሉ፤ ጅማቶቹ ይላላሉ። ያኔ የላይኛው አጥንት ሚሊሜትር በሚሊሜትር ወደፊት ይንፏቀቃል። በአብዛኛው የሚሆነው 4ኛው የወገብ አጥንት በ5ኛው ላይ ነው፤ የእኔም እዚያው ነው። አጥንቱ ሲሄድ የነርቮቹ መተላለፊያ ይጠባል። ቀጥ ብለን ስንቆም ይበልጥ ይጠባል፣ ጎንበስ ስንል ይከፈታል። የዴስኩ ምስጢር ይኸው ነበር! 2 ዓመት ሙሉ ያልገባኝን ነገር በ5 ደቂቃ አስረዳችኝ። ማስተማር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህች ሴት አስተማሪም ናት።

በወጣትነት የሚጀምር ሌላ ዓይነትም አለ። የአጥንቱ የኋላ ቅስት ላይ ስንጥቅ ሲኖር የሚመጣ ነው። በብዛት የሚያጠቃው 5ኛውን አጥንት ነው፤ ጂምናስቲክ በሚሠሩ ልጆች ላይም ይታያል። ልጅ ያላችሁ ይህንንም እወቁት።

ደረጃም አለው። አጥንቱ ከሥሩ ካለው አጥንት ስፋት ከሩብ በታች ከሄደ 1ኛ ደረጃ ይባላል፣ እስከ ግማሽ 2ኛ፣ እያለ ይቀጥላል። በእኛ ዕድሜ የሚመጣው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ1ኛው ብዙም አያልፍም። የእኔም 1ኛ ነው። ወረቀቴ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ግን ማንም አላነበበልኝም።

"ታዲያ መልሺልኝ" አልኳት። ሳቅ ብላ፣ ግን ቆፍጠን ብላ "አጥንቱን ገፍቼ አልመልሰውም። በእጄ እመልስልዎታለሁ የሚል ሰው ከገጠመዎት ጀርባዎን አይስጡት" አለችኝ። ሰው የሚፈልገውን ብትነግረኝ ኖሮ በቀላሉ ደንበኛ ታደርገኝ ነበር። ያኔ ነው ያመንኳት።

ሥራው ቀላል ነበር፣ ግን በየቀኑ ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን ወደ ደረቴ መሳብ። የታችኛውን ሆዴን ቀስ አድርጌ አጥብቄ መተንፈስ። መቀመጫዬን ከወለሉ ማንሳት። በእጅና በጉልበቴ ተንበርክኬ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር መዘርጋት። ወደ ኋላ መለጠጥ ለጊዜው ከለከለችኝ። ቆሞ የሚነዳ እንዳይመስላችሁ፣ ቁጭ ብሎ ጎንበስ የሚባልበትን የጂም ብስክሌት አዘዘችልኝ። ለመራመድ ደግሞ ሕመሙ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ 5 ደቂቃ ሄጄ 2 ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ። በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ትጨምርልኝ ነበር። በ2ኛው ወር ባሰብኝና ልተው ስል ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። የትኛው እንቅስቃሴ እንዳመመኝ ጠይቃ እሱን ቀየረችው።

"እየባሰ ይሄዳል ወይ?" ብዬ በየጊዜው እነዘንዛት ነበር። አንድም ቀን አልሰለቸችም። ጃፓን ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 10 ዓመት የተከታተሏቸው 145 ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ። አጥንቱ ይበልጥ የሄደው ከ3 ሰው በአንዱ ገደማ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ የነርቭ ጉዳት ካልነበረባቸው ደግሞ 4 ሰው ቢቆጠር 3ቱ ያህሉ እስከ መጨረሻው ምንም ጉዳት ሳይደርስባቸው ቆይተዋል።

አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ ያገኘኋት ሴትዮ ደግሞ ሌላ ነገር አጫወተችኝ። እግሯ መንጠልጠል ጀምሮ ነበር፤ ስትራመድ ጣቷ ወለል ይነካባታል። ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳየቻት እንቅስቃሴ አልጀመረችላትም። በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈችላት። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ታካሚ ላለማጣት ብላ አልያዘቻትም። ለእኔም በወረቀት የጻፈችልኝ አለ፣ ፍሪጄ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተኝ፣ በጭኖቼ መሀልና በመቀመጫዬ አካባቢ ከደነዘዘኝ፣ ወይም እግሬ እየዛለ ከሄደ ቀጠሮ አልጠብቅም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። እናንተም ጻፉት።

አሁን የት ነኝ? ባለፈው ወር ቆሜ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቱ እዚያው ነው፣ አልተመለሰም፣ አልባሰምም። እኔ ግን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሳልደገፍ ቆሜ አስተምራለሁ። 40 ደቂቃ ሳላርፍ እሄዳለሁ። አልፎ አልፎ ያመኛል፤ ሲያመኝ ግን አልደነግጥም።

ስሟን እዚህ እንዳልጠራ ጠይቃኛለች፤ ቃሏን አከብራለሁ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ርቃችሁ ከሆነ ግን ወደየትም ስትሄዱ እንደሷ ያለውን ፈልጉ። ከመንካቱ በፊት የሚጠይቅ፣ በእግራችሁ አስኪዶ የሚያይ፣ ራጁን እያሳየ የሚያስረዳ፣ የማይችለውን "አልችልም" የሚል።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እጅሽ ይባረክ።