የበረኛ ጓንት፦ አዲስ ኮፒ ወይስ ሰልባጅ?

ዘንድሮ ስንት ወላጅ እንደ ጠየቀኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ልጁ ደሴ ሆጤ ሜዳ ግብ መጠበቅ ጀምሯል፣ መዳፉ ተላልጧል፤ «ጓንት የቱን ልግዛለት?» ምርጫው ያው ሁለት ነው፤ ከነላስቲኩ ያለ አዲስ ኮፒ ወይም ከቦንዳ የወጣ ሰልባጅ ኦሪጂናል። እኔ ሰልባጁን እላለሁ፤ በኮፒው ተቃጥያለሁና።

አምና አንድ ሱቅ ገብቼ 1,500 ብር የተባለውን በ1,200 አስጨርሼ እንደ ጀግና ወጣሁ። በአምስተኛው ጨዋታ የመዳፉ ስፖንጅ እንደ ድንች ልጣጭ ተገሸለጠ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በ80 ብር በማስቲሽ አስለጠፍሁት። ሰውየው «አብሽር፣ ከአዲስ ይበልጣል» አለኝ። ማስቲሹ ሲደርቅ መዳፉ ጣውላ ሆነና ኳሱ እየነጠረ ይመለስ ጀመር። ለአምስት ጨዋታ 1,280 ብር ማለት በጨዋታ 256 ብር ነው።

ሰልባጁን በ2,000 ብር ገዛሁት፤ ባለቤቴ «ለአሮጌ ጓንት!» ብላ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ከመስከረም እስከ ግንቦት 34 ጨዋታ ተጫወትሁበት። አንድ ጊዜ የአውራ ጣቱ ስፌት ተፈታ፤ ያው ጫማ ሰፊ በ50 ብር በክር መለሰው። በጨዋታ 60 ብር ገደማ መጣልኝ። የጣቶቹ ቁራጭ በክር የተያያዘ ስለሆነ ሲፈታ የሚሰፋ ነገር አለው፤ የእኔ ኮፒ ግን በሙጫ ብቻ ነበር የቆመው።

ስትገዙ መዳፉን በአውራ ጣት ተጫኑት። ላቴክስ (ኳስ የሚይዘው ለስላሳ የጎማ ስፖንጅ) ከሆነ ሰርጎድ ብሎ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ጣትንም ያዝ ያደርጋል። ኮፒው እንደ መሬት ላስቲክ ያንሸራትታል። ሰልባጁን ደግሞ እጠፍ አድርጉት፤ ዱቄት ካራገፈ ወይም ከተሰነጠቀ ላቴክሱ ሞቷል፣ በ200 ብርም አትውሰዱት።

እውነተኛ አዲስ ጓንት ከውጭ ዘመድ ከላከላችሁ እንደ ወይፈን መገራት አለበት። በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ከፋብሪካ የቀረው ኬሚካል ሳይለቅ ኳስ አይዝም። አትጠምዝዙት፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አንጥፉት። ከዚያ ለሁለት ሦስት ቀን በቀላል ልምምድ ብቻ፣ መዳፉን ረጠብ አድርጎ። ሰልባጁ በሌላ ሰው እጅ ተገርቶ ስለመጣ ውሃ ካየ ይበቃዋል። ኮፒውን ብታጥቡትም ባታጥቡትም ያው ነው።

ማድረቁ ላይ ግን ብዙ ጓንት ያልቃል። ደሴ ብርዱ አላደርቅ ሲል ልጆቹ ከሰል ማንደጃ አጠገብ ያስቀምጡታል፤ ኮምቦልቻ ያሉት ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሰጡታል። ሁለቱም ላቴክሱን እንደ ቋንጣ ያደርቁታል።

ኮፒ የምመክረው ለስምንት ዓመት ልጅ ብቻ ነው፤ እጁ በዓመቱ ስለሚያድግ። እሱንም ከ600 ብር በታች ካገኛችሁ።

ሰልባጅም ጣጣ አለው። ባቲ ሰኞ ገበያ ውዬ፣ ሊመሽ ሲል ተጣድፌ በ900 ብር አንድ ጥንድ አነሣሁ። ቤት ገብቼ ሳጠልቀው ሁለቱም የቀኝ ናቸው። ሁለት ግራ የገዛ ሰው ካለ እንገናኝ፤ ሰማያዊ ነው፣ ቁጥሩ 9።