የስዋሚማላይ የናስ ናታራጃ፦ የእጅ ሥራው፣ ምልክቶቹና አያያዙ

ከኩምባኮናም ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በካቬሪ ወንዝ አካባቢ የምትገኘው ስዋሚማላይ፣ የአማልክት ምስል በሰም ቀርጾ በናስና በነሐስ በማፍሰስ በመላው ህንድ የታወቀች፣ በደቡብ ህንድ የታሚል ናዱ ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስታፓቲ ተብለው የሚጠሩት ቀራፂዎቿ የሙያ ሐረጋቸውን የሚመዙት፣ በ1010 እ.ኤ.አ. ታንጃቩር ላይ የተጠናቀቀውን ታላቁን የብሪሃዲስዋራ ቤተ መቅደስ ካሠራው ከቾላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ከቀዳማዊ ራጃራጃ ዘመን ነው። እዚህ የምገመግመው በዚያች ከተማ ከሚገኝ አንድ የቤተሰብ ወርክሾፕ የገዛሁትን፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የናስ ናታራጃ፣ ማለትም የሂንዱውን አምላክ ሺቫን በጭፈራ ላይ የሚያሳይ ምስል ነው። ህንድ ውስጥ ከገዛኋቸው የእጅ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ሁለት ጉድለቶች ግን አሉበት፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ገዢ አስቀድሞ አሠራሩን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ የዋጋው ልዩነት የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ቀራፂው በመጀመሪያ የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋር አዋሕዶ ያቀልጥና ምስሉን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጣቱ በሰም ይሠራዋል። የአካሉን ልክ የሚያወጣው፣ የጥንቱ የቅርጻ ቅርጽ ሥርዓት ሺልፓ ሻስትራ በሚያዘው መሠረት፣ የኮኮናት ቅጠል በቀጭኑ ሰንጥቆ በተወሰነ ቦታ እያጠፈ ነው። ከዚያ ሰሙ በካቬሪ ዳርቻ ልም ደለል ተደራርቦ ይለበጣል፤ ልባሱ ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በለቀቀው ቦታ ናሱ ይፈስሳል። ሲበርድ የሸክላው ልባስ ስለሚሰበር ከአንድ ልባስ ከአንድ ምስል በላይ አይወጣም። የእኛም የመስቀል ሠሪዎች የመጾር መስቀሎችን በዚሁ የሰም ስልት ያፈስሱ ስለነበር፣ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ነገሩ ባዕድ አይደለም። በሰሜን ህንድ የናስ ከተማ የሚል ቅጽል ያላት ሞራዳባድ ግን በብዛት የምታመርተው በአሸዋ ቅርጽ ነው፤ አንዱ ናሙና እየተደጋገመ ይታተማል፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ለቤት ማስጌጫ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህኛው ነውር የለበትም፤ የሚያስነውረው የአሸዋውን በሰሙ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ምስሉን አዙሮ ጀርባውን ማየት ይበቃል። በእጅ በተሠራው ላይ የመታጠቂያው ቋጠሮና የጸጉሩ ጉንጉን ከኋላም እንደ ፊቱ ተጠንቅቆ ይቀረጻል፤ በርካሹ ላይ ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውስጡ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ናታራጃ አራት እጆች አሉት። የላይኛው ቀኝ እጅ የያዘው ትንሽ ከበሮ ፍጥረት የጀመረበት ድምፅ ነው፤ የላይኛው ግራ እጅ ላይ ያለው እሳት ደግሞ የፍጻሜ ምልክት ነው። የታችኛው ቀኝ እጅ መዳፉን ወደ ተመልካቹ አቅንቶ «አትፍራ» ይላል። የታችኛው ግራ እጅ እንደ ዝሆን ኩንቢ ደረቱን አቋርጦ ወደ ተነሣው ግራ እግር ያመለክታል፤ መጠጊያው ያ እግር ነውና። ቀኝ እግሩ ሙያላካን የተባለውን ድንክ ረግጧል፤ ድንኩ የድንቁርና ምሳሌ ሲሆን፣ ተረግጦም ሕይወቱ ሳይወጣ ቀና ብሎ የሚረግጠውን ይመለከታል። ምስሉን የከበበው የነበልባል ክብ የሚፈጠረውና የሚያልፈው ዓለም ነው። በተበተነው ጸጉር መካከል የጋንጋ ወንዝ በትንሽ ሴት አምሳል ተቀርጻለች፤ የጨረቃ ሩብም አለ። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ጉትቻውን ነው፦ የቀኙ የወንድ፣ የግራው የሴት ጉትቻ ነው፤ አምላኩ ሁለቱንም ጾታ በአንድ አካል እንደሚይዝ ያመለክታል።

እንግዲህ ጥሩ ቀራፂ የሚለየው እነዚህን ምልክቶች በማወቁ ነው። በያዝኩት ምስል ላይ የታችኛው ግራ እጅ ጣቶች በእርግጥ ወደ እግሩ ያመለክታሉ፤ በገበያ ካየኋቸው በርካታ ምስሎች ላይ ግን እጁ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀርቷል፤ የምስሉ ትርጉም ግማሹ ጠፍቷል ማለት ነው። የከበሮው ገመድ ከጣቶቹ መካከል ሲያልፍ ይታያል። የድንኩ ጥርስ በመሮ ጫፍ አንድ በአንድ ተለይቷል። ፊቱ ግን፣ አካሉ ሁሉ እንዲያ እየተወዛወዘ፣ ፍጹም ጸጥ ያለ ነው፤ ይህን ጸጥታ በናስ ላይ ማውጣት ከሁሉ የከበደ ሥራ ይመስለኛል። የህንድ መንግሥት በ2004 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ አጠገብ ለሚገኘው ለሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የ2 ሜትር ናታራጃ በስጦታ ሲያበረክት ይህን ምስል መምረጡ የሚያስገርም አይደለም።

ለህንድ ወዳጅ ስጦታ ለመግዛት ያሰበ አንባቢ ግን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች የሺቫ ጭፈራ የጥፋት ኃይል አለበት ብለው ናታራጃን በመኖሪያ ቤት አያስቀምጡም፤ ለአዲስ ቤት ምርቃት ባለ ዝሆን ራሱን አምላክ ጋኔሻን ወይም የሀብት አምላክ የሆነችውን ላክሽሚን ይመርጣሉ። ጋኔሻ ሲገዛም ኩንቢው ወደ ግራ የዞረውን መውሰድ ይቀላል፤ ወደ ቀኝ የዞረው ጥብቅ የአምልኮ ሥርዓት ይፈልጋል ተብሎ ይታመናልና። የትኛውም ምስል ቢሆን ባዶ ወለል ላይ ወይም ጫማ አጠገብ አይቀመጥም። ይህን የማክበር ግዴታ፣ እምነቱ ባይኖረንም፣ ገዝተን ቤታችን ስናስገባ አብረን የምንቀበለው ነው።

አያያዙን በተመለከተ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «አብረቅርቁት» የሚል ነው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ስለሆነ አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል፤ ይህ ስስ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ናስ ይጠብቀዋል እንጂ አይጎዳውም። ሻካራ ዱቄት ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይዞ በወለወሉት ቁጥር ናሱ ራሱ ይታጠባል፤ መጀመሪያ የሚጠፉትም የቅንድቡ መስመር፣ የጉትቻው ልዩነትና የድንኩ ጥርስ፣ ማለትም ገንዘብ የከፈልንባቸው ምልክቶች ናቸው። ለዘወትር በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ከቆሸሸ በለብታ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ በጥጥ ጨርቅ ወዲያው መድረቅ አለበት፤ በተለይ ከነበልባሎቹ ሥርና ከእግሩ መጋጠሚያ ውሃ እንዳይቀር። በመጨረሻ ስስ የንብ ሰም ቀብቶ በጨርቅ ማሸት ከእርጥበትና ከእጅ ላብ ይከላከላል።

በህንድ ቤቶች ናስ የሚጸዳው በታማሪንድ፣ በአገራችን ሮቃ በምንለው ፍሬ፣ ወይም በሎሚ ነው። አሲዱ ጥቁረቱን ስለሚያሟሟ በደቂቃዎች ውስጥ ያበራዋል፤ ነገር ግን ሳይታጠብ ከቆየ ዚንኩን አሟሙቶ መዳቡን ስለሚተው ሮዝ መሳይ ነቁጥ ይወጣል፤ ይህም በውልወላ እንጂ በሌላ አይለቅም። ስለዚህ ለዓመት በዓል ካልሆነ በቀር አልመክረውም። በረኪናም ሆነ አሞኒያ ያለባቸው የመስታወት ማጽጃዎች ፈጽሞ ሊነኩት አይገባም፤ አሞኒያ ናስን እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል። አረንጓዴ ዝገት የታየ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ጨው ነው፤ የባሕር አየር ወይም ላብ። ምስሉን በመቅደስ ክፍላቸው የሚያመልኩበት ቤተሰቦች በወተትና በማር ካጠቡት በኋላ ንጹሕ ውሃ አፍስሰው የሚያደርቁት ከሥርዓቱ ሌላ ለናሱም ይበጃል፤ የወተት ቅሪት በጉድጓዶቹ ውስጥ ሲደርቅ ይጎመዝዛልና። ለአምልኮ ተቀድሶ የተቀመጠን ምስል ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ ማጽዳት ተገቢ አይደለም።

ወደ ጉድለቶቹ ስመለስ፣ የመጀመሪያው ቫርኒሹ ነው። ወርክሾፑ ሳይጠይቀኝ ምስሉን ሁሉ ቫርኒሽ ነፍቶበት ነበር። ቫርኒሽ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሲላጥ እርጥበት ከሥሩ ይገባና ጥቁር ክር የመሰለ መስመር ይሠራል፤ ያን ጊዜ በአሴቶን ሙሉ በሙሉ ከማንሣት ሌላ መፍትሔ የለውም። ሲያዙ «ያለ ቫርኒሽ» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ነበልባላዊው ክብ ለብቻው ፈስሶ መቀመጫው ላይ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች የሚገባ ሲሆን፣ የክቡ የግራ እግር ስለላላ በትንሽ ንክኪ ይነቃነቃል። ይህን ያህል ሙያ ካለው እጅ ይህ አይጠበቅም። ስናነሣውም ክቡን ሳይሆን ከታች መቀመጫውን መያዝ ግድ ነው።

ዋጋው በአሸዋ ከሚታተመው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለሥራው ግን ተገቢ ነው እላለሁ። ከህንድ ይዞ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ደረሰኙን በጥንቃቄ ይያዝ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅርስ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ የሆናቸውን ምስሎች ወደ ውጭ መላክ ለግለሰብ ስለሚከለክል፣ አዲሱን ምስል ሆን ብለው በአሲድ አጥቁረው «ጥንታዊ» የሚሉ ሻጮች ገዢውን በጉምሩክ ፊት ችግር ላይ ይጥሉታል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ ከታሚል ናዱ ቤተ መቅደስ የተሰረቀ የቾላ ዘመን ናታራጃ በሚሊዮኖች ዶላር ገዝቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ለመመለስ ተገዷል። አዲስ መሆኑን ሻጩ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ እንዲያሰፍር መጠየቅ፣ ትልቅ ምስል ከሆነም ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከህንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እንዲያወጣ ማድረግ ይገባል። የእኔው ወርክሾፕ ይህን ሳልጠይቅ አድርጎልኛል፤ የተሠራበትን ዓመትም በደረሰኙ ላይ ጽፎ ሰጥቶኛል።