ከዎርድ ወደ ሊብሬኦፊስ ራይተር፦ ጣት ምን ይላል?

የመመረቂያ ጽሑፍ በመተየብ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለዚህ የጽሕፈት ፕሮግራምን የምመዝነው በመልኩ ሳይሆን ጣቶቼን በለመዱት መንገድ በማሠራቱ ነው። ሊብሬኦፊስ ራይተርን ለመሞከር የሚያስቡ የሙያ ጓደኞቼም ስለ ዋጋው አይጠይቁኝም፤ ነፃ መሆኑን ያውቃሉ። የሚጠይቁኝ «አቋራጭ ቁልፎቹ እንደ ዎርድ ናቸው?» ብለው ነው።

ዋና ዋናዎቹ ናቸው። መመለስ፣ መቁረጥ፣ መቅዳትና መለጠፍ አፕል በ1983 ሊሳ በተባለው ኮምፒውተሩ ላይ ከዜድ እስከ ቪ ጎን ለጎን በደረደራቸው ፊደሎች ይሠራሉ። ማድመቅ በቢ፣ ማዝመም በአይ፣ መሀል ማድረግ በኢ፤ እዚህ ላይ እጅ አይሳሳትም።

ጣጣው ያለው ቁጥሮቹ ላይ ነው። ዎርድ ውስጥ ኮንትሮልን ከ2 ጋር ሲጫኑ የመስመሮቹ ርቀት እጥፍ ይሆናል፤ ከ5 ጋር ሲጫኑ አንድ ተኩል። ራይተር ውስጥ እነዚሁ ቁልፎች አንቀጹን የሁለተኛ ወይም የአምስተኛ ደረጃ ርዕስ ያደርጉታል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው እጥፍ ርቀት ስለሚፈልግ ሙሉውን ጽሑፍ በኮንትሮል ኤ መርጦ 2ን የተጫነ ሰው ከዳር እስከ ዳር ርዕስ የሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ታቅፎ ይቀራል። ፊደሉ ሲወፍር ወዲያው ካየ ኮንትሮል ዜድ ያወጣዋል። ሳያይ መልኩን ብቻ በእጁ አስተካክሎ ካለፈ ግን ማውጫ በሚያወጣበት ጊዜ አንቀጾቹ በሙሉ ከነዝርዝራቸው ማውጫው ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቁታል።

የኬሚስትሪ ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የውሃን ቀመር 2 ዝቅ አድርጎ ለመጻፍ ዎርድ ኮንትሮልና የእኩል ምልክት ይበቃዋል፤ ራይተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ይላል። ኮንትሮል ዲ ዎርድ ውስጥ የፊደል መምረጫ መስኮት ሲከፍት እዚህ በቃሉ ሥር ድርብ መስመር ያሰምራል።

ይህን ስል ማይክሮሶፍት የራሱን ልጆች አስማምቷል ማለቴ አይደለም። ይኸው ኮንትሮል ዲ ኤክሴል ውስጥ የላይኛውን ሕዋስ ወደ ታች ይቀዳል፤ ፓወርፖይንት ውስጥ የተመረጠውን ሥዕል ያባዛል። ኮንትሮል ኢ ዎርድና ፓወርፖይንት ውስጥ ጽሑፍን መሀል ያደርጋል፤ ከ2013ቱ ኤክሴል ጀምሮ ግን ዓምዱን በግምት ይሞላል። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ራይተርን «ወጥነት የለውም» ብሎ ሲከስ ፈገግ እላለሁ።

እኔን ያሸነፈኝ ማስተካከያው ነው። «ቱልስ» ከሚለው ሜኑ «ከስተማይዝ»፣ ከዚያ «ኪቦርድ» የሚለውን ይክፈቱ። ከላይ በቀኝ በኩል «ራይተር» የሚለውን መምረጥ አይርሱ፤ አለዚያ ለውጡ በሌሎቹ የሊብሬኦፊስ ፕሮግራሞች ላይም ያርፋል። ቁልፉን ከላይ፣ ትዕዛዙን ከታች መርጦ ማገናኘት ብቻ ነው። 1፣ 2 እና 5ን ወደ መስመር ርቀት መለስኳቸው። ሺፍትና ኤፍ 3 የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚቀያይር ቁልፍ ነው፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ምን ይሠራል? ለግርጌ ማስታወሻ ሰጠሁት። የትዕዛዞቹ ዝርዝር ረጅምና አሰልቺ ነው፤ የሚፈልጉትን ስም እስኪያገኙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዎርድም ቁልፍ ያስቀይራል፤ ኤክሴል ግን እንዲህ ያለ መስኮት የለውም። ራይተር በተጨማሪ ያስተካከሉትን ሁሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጥልዎታል። በፍላሽ ይዘውት ሄደው ሌላ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይችላሉ።

የራስዎ ማሽን ካለዎት ይሻገሩ፤ መጀመሪያ ግን ቁጥሮቹን አስተካክሉ፣ የደንበኛ ሥራ ከዚያ በኋላ ይክፈቱ። ቀኑን ሙሉ በሰው ኮምፒውተር ላይ እየተዘዋወሩ የሚተይቡ ከሆነና ባለቤቶቹ ማስተካከያውን እንዲነኩ የማይፈቅዱ ከሆነ ግን ከዎርድ እንዲለቁ አልመክርም።