«ባንክ የለም፣ ክሬዲት አይጠየቅም» ተብሎ የሚሸጥላችሁን ቤት ከመፈረማችሁ በፊት

በሚኒያፖሊስ፣ በሴንት ፖልና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች የምትኖሩ ወገኖች፣ «ኮንትራክት ፎር ዲድ» በሚባለው መንገድ ቤት ግዙ እያለ የሚያግባባችሁ ሰው ካለ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማግባቢያው የታወቀ ነው። ባንክ መሄድ የለም፣ ክሬዲት አይታይም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁልፉን ትረከባላችሁ፣ ወለድ ለማይፈልግ ደግሞ ወለድ የለውም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ይዞ የሚመጣው የአገር ሰው ስለሆነ ብዙዎች ሳይጠይቁ ይፈርማሉ። ኦሃዮ ያላችሁም «ላንድ ኮንትራክት» ሲሏችሁ ነገሩ ያው ነው፤ ሕጉ ግን ይለያል።

ስምምነቱ እንዲህ ነው። ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ትከፍላላችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ትገባላችሁ፣ በየወሩ ለሻጩ ትከፍላላችሁ። የቤቱ ታይትል (የባለቤትነት መብቱ) ግን የመጨረሻዋ ዶላር እስክትከፈል በሻጩ ስም ይቆያል። የንብረት ግብሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የጣሪያው መፍሰስ፣ የማሞቂያው መበላሸት የእናንተ ነው። ተከራይ ብትሆኑ ኖሮ ማሞቂያው በጥር ሲቆም ባለቤቱን ትጠሩ ነበር። እዚህ ግን የባለቤትን ወጪ ሁሉ ተሸክማችሁ፣ የባለቤትን ጥበቃ ሳታገኙ ትኖራላችሁ።

አሁን ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንሥራው፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ቤቱ 350,000 ዶላር ነው እንበል። 50,000 ከፈላችሁ፣ ቀሪው 300,000 በ8 በመቶ ወለድ፣ ወርሃዊ ክፍያው በ30 ዓመት ተሰልቶ 2,201 ዶላር ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 2,000ው ወለድ ነው፤ ዕዳውን የሚቀንሰው 201 ዶላር ብቻ ነው። አምስት ዓመት አንድም ወር ሳታሳልፉ ብትከፍሉ በጠቅላላው 132,000 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ፣ ዕዳችሁ ግን 285,000 ገደማ ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ገጽ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ትመጣለች፦ ቀሪው ሒሳብ በሙሉ በዚህ ቀን ይከፈላል። «ባሉን ፔይመንት» የሚሉት ይህንን ነው። «የ30 ዓመት ነው» የተባለላችሁ ክፍያው የተሰላበት ዘመን እንጂ ውሉ የሚቆይበት ጊዜ አይደለም። ውሉ ብዙ ጊዜ በሦስት፣ በአምስት ወይም በሰባት ዓመት ያልቃል፤ በዚያ ቀን 285,000 ዶላር በአንድ ጊዜ መክፈል አለባችሁ።

«ያኔ ባንክ ሄዳችሁ ሪፋይናንስ ታደርጋላችሁ»፣ ማለትም በአዲስ የባንክ ብድር ቀሪውን ትዘጋላችሁ ይሏችኋል። ባንክ የሚያበድረው አፕሬዛል (የዋጋ ግምት) አሠርቶ፣ ቤቱ በገበያ የሚያወጣውን ዋጋ አይቶ ነው። እዚህ ስምምነት ውስጥ ደግሞ መጀመሪያውኑ አፕሬዛል አልነበረም፤ ሻጩ ያሻውን ዋጋ ጠራ፣ እናንተም ተቀበላችሁ። ቤቱ ያኔ 270,000 ነው ቢባል፣ 285,000 የሚያበድራችሁ ባንክ አታገኙም። ሥራችሁም ክሬዲታችሁም ቢስተካከል ጉድለቱን ከኪሳችሁ ማሟላት አለባችሁ። በተጨማሪም አብዛኞቹ ሻጮች ክፍያችሁን ለክሬዲት ቢሮዎች አያሳውቁም፤ አምስት ዓመት በሰዓቱ መክፈላችሁ ክሬዲታችሁ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሪፋይናንስ የሚባለው ተስፋ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። ዋጋው ከተጋነነ መውጫው በር ከፊርማው ቀን ጀምሮ ተዘግቷል።

ክፍያ ቢያልፍባችሁስ? ባንክ ፎርክሎዥር ሲያደርግ፣ ማለትም ባልተከፈለ ዕዳ ቤቱን ሲወስድ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ቤቱ በሸሪፍ ጨረታ ይሸጣል፣ ከዚያ በኋላም ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የሚያስመልስበት ስድስት ወር አለው። ኮንትራክት ፎር ዲድ ላይ ጨረታ የለም። ሻጩ የስረዛ ማስታወቂያ ያደርሳችኋል፣ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ቀነ ገደብ 60 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ያለፈውን ክፍያ፣ በላዩም ካለፈው ክፍያ 2 በመቶ ቅጣትና የጠበቃ ወጪ ጨምራችሁ ካልከፈላችሁ ውሉ ይፈርሳል፤ ዳውን ፔይመንታችሁ፣ የአምስት ዓመት ክፍያችሁ፣ የቀየራችሁት ጣሪያ ሁሉም ለሻጩ ይቀራል። ዳኛ ፊት ሳትቀርቡ ይህ ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ኦሃዮ ውስጥ አምስት ዓመት የከፈለ ወይም ከዋጋው 20 በመቶ የደረሰ ገዢን ሻጩ ሊያስወጣ የሚችለው በፎርክሎዥር ክስ ብቻ ነው። ይህ ጥበቃ ሚኒሶታ ውስጥ የለም፤ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ያለ ዘመድ የነገራችሁን እዚህ አትመኑበት።

ሚኒሶታ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጉን አጥብቃለች። ራሱ ያልኖረበትን ቤት ለትርፍ በኮንትራክት የሚሸጥ ሰው ቤቱን በስንት እንደገዛው፣ ባሉኑ ስንትና መቼ እንደሆነ ከፊርማ በፊት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ የስረዛው ጊዜም ለእንዲህ ዓይነት ሻጭ ዘለግ ብሏል። ይህን ወረቀት ስትጠይቁት የሚቆጣ ወይም «እኛ አበሾች እኮ እንተማመናለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ተለያዩ። መተማመን ወረቀት አያስቀርም።

ስለ ወለድም አንድ ነገር። በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ ለማይከፍሉ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ይህ ውል «ወለድ የሌለበት» ተብሎ ይቀርባል። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ዛሬ ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ብከፍል ዋጋው ስንት ነው? የጥሬ ገንዘቡ 270,000 ሆኖ የኮንትራክቱ 350,000 ከሆነ ልዩነቱን ምን ብሎ እንደሚጠራው ያስረዳችሁ። የሃይማኖት አዋቂም አማክሩ፤ ግን የጽሑፉን ውል አስተርጉማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻጩን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ወረቀቱ ላይ ፈልጋችሁ የምታገኟቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ። «አዝ ኢዝ» ካለ ቤቱን ከነጉድለቱ ተቀብያለሁ ማለታችሁ ነው፤ ከገባችሁ በኋላ መሠረቱ ተሰንጥቆ ብታገኙት ሻጩን መጠየቅ በጣም ይከብዳችኋል። «ዲፎልት» የሚለው አንቀጽ የወር ክፍያ ማለፍን ብቻ አይናገርም፤ ግብር ወይም ኢንሹራንስ ማሳለፍም ውል ማፍረስ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ኢንትረስት ኦንሊ» (ወለድ ብቻ) ካያችሁ ዕዳው በአንድ ዶላር እንኳ አይቀንስም። «ኩዊት ክሌም ዲድ» የሚባለውን የቤት ማስተላለፊያ ሰነድ እሰጣችኋለሁ ካለ ደግሞ ሻጩ ያለውን መብት፣ ካለው፣ ያስተላልፍላችኋል፤ ለመሆኑ መብት አለው ወይ የሚለውን ግን ዋስትና አይሰጥም። ዋስትናውን የሚሰጠው «ዋራንቲ ዲድ» ነውና እንዲህ እንዲል ጠይቁ።

ሻጩ ራሱ በቤቱ ላይ ሞርጌጅ (ቤቱን ያስያዘበት የባንክ ብድር) ካለበትስ? ከእናንተ ተቀብሎ ለባንኩ ባይከፍል ባንኩ ቤቱን ይወስደዋል፣ የእናንተን ክፍያ ማጠናቀቅ አይጠይቅም። ደግሞም አብዛኛው ሞርጌጅ ውስጥ ቤቱ ሲሸጥ ዕዳው በሙሉ ይከፈል የሚል አንቀጽ አለ፤ ባንኩ ሽያጩን ሲያውቅ ሊጠቀምበት ይችላል። ለዚህ ነው ታይትል ኩባንያ ሄዶ ቤቱ ላይ ያለውን ዕዳና እግድ ሁሉ ማስፈተሽ ግድ የሚሆነው። ለዚህ የምትከፍሉት ከዳውን ፔይመንቱ አጠገብ ኢምንት ነው። ሻጩ ያመጣውን ታይትል ኩባንያ አትጠቀሙ፣ ራሳችሁ ምረጡ።

የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ገዢዎች ባንክ የሚቀበላቸው መሆኑ ነው። የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው የኤፍኤችኤ ብድር፣ 580 የክሬዲት ነጥብ ያለው ሰው 3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት ይበቃዋል፤ ከ500 እስከ 579 ያለው ደግሞ 10 በመቶ። ክሬዲት ጨርሶ የሌለው እንኳ የቤት ኪራይና የመብራት ክፍያ ታሪኩን አቅርቦ ሊታይለት ይችላል። ኡበርና ታክሲ የምትነዱ «ታክሴ ላይ ገቢዬ ትንሽ ነው» ትላላችሁ፣ ማይል ስለሚቀነስ። አበዳሪው ገቢያችሁን ሲያሰላ ግን ከዚያ ተቀናሽ ውስጥ የመኪናው እርጅና ድርሻ ወደ ገቢያችሁ ተመልሶ ይደመራል። ለ2024 በየማይሉ ከሚቀነሰው 67 ሳንቲም 30ው እርጅና ነው፤ 30,000 ማይል የነዳ ሰው 9,000 ዶላር ይመለስለታል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ብድር አዋዋይ ካጋጠማችሁ ሌላ ሞክሩ። የመንግሥት ፈቃድ ያላቸው የቤት ግዢ አማካሪዎችም በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያዩላችኋል።

ይህን ሁሉ አይታችሁም በኮንትራክት ለመግዛት ከቆረጣችሁ፣ መጀመሪያ የካውንቲውን ድረ ገጽ ከፍታችሁ አድራሻውን አስገቡ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነና ግብር እንዳለበት ይታያል። ስሙ ከሚሸጥላችሁ ሰው ስም ካልገጠመ ነገሩ እዚያው ያቁም። ኢንስፔክተር የራሳችሁን ቅጠሩ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ «ትሩዝ ኢን ሴል ኦቭ ሃውዚንግ» የሚባል የምርመራ ሪፖርት ይፈለጋል፤ ጠይቁት፣ ግን በኢንስፔክተር ምትክ አትቁጠሩት። ውሉን ለሻጩ የማይሠራ የሪል ስቴት ጠበቃ ያንብበው። በፊርማው ማግስት ካውንቲው ዘንድ አስመዝግቡ፤ ሕጉ አራት ወር ይሰጣችኋል፣ እናንተ ግን አንድ ሳምንት አታሳልፉ፤ ያልተመዘገበ ውል ሻጩ ቤቱን ለሌላ ሲሸጠው ወይም ሲያስይዝበት አያስጥላችሁም። በካሽ አትክፈሉ፣ ቼኩ ላይ የቤቱን አድራሻ ጻፉ፣ ኢንሹራንሱ በስማችሁ ይሁን። የግብር ቀኖቹ ሜይ 15 እና ኦክቶበር 15 ናቸው። ቤቱ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ የሆምስቴድ (ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት) ማመልከቻ ከዲሴምበር መጨረሻ በፊት አስገቡ፣ ግብሩ ይቀንስላችኋል።

ፈርማችሁ የስረዛ ማስታወቂያ የደረሳችሁ ደግሞ፣ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ወረቀቱ ከደረሳችሁ ዕለት ነው። ሻጩን በስልክ መለመን ቆጠራውን አያቆመውም፤ ግማሽ ክፍያ መላክም እንዲሁ፣ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር። ሊያቆመው የሚችለው የሚፈለገውን በሙሉ መክፈል ወይም የፍርድ ቤት እግድ ነው፣ እግዱም ቀኑ ከማለቁ በፊት መውጣት አለበት። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ውሉን፣ ማስታወቂያውንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ሁሉ ይዛችሁ ጠበቃ ወይም የነጻ ሕግ አገልግሎት ጋ ሂዱ፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁም ጠይቁ።