«ዲጂታል ዌልቢንግ» ለዐቢይ ጾም ውሳኔ፦ ከካሬ ደብተር ጋር ሲመዘን

ጅማ ላይ «ለጾሙ ቲክቶክ ትቻለሁ» ያለ ሰው ፈተናው የት እንደሚጠብቀው ይታወቃል፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ አቦሉ እስኪቀዳ ባለችው ክፍተት ውስጥ። ወሬው ቀዝቀዝ ሲል እጅ ኪስ ይገባል። ያንን እጅ ይይዛል የሚባለው፣ የስልክ አጠቃቀምን የሚቆጥረውና የሚገድበው «ዲጂታል ዌልቢንግ» አንድሮይድ 9ና ከዚያ በላይ በሆኑ አብዛኞቹ ስልኮች ላይ በነጻ ተጭኖ የሚመጣ ነው። እኛ የመዘንነው እንደ ካቶሊክ የጾም አጋዥ እንጂ እንደ ተራ የስልክ አገልግሎት አይደለም።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስትከፍቱት የዕለቱ አጠቃቀማችሁ በክብ ሥዕል ይታያል። ውሳኔ ከማድረጋችሁ በፊት ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ ተመልከቱ። በቀን ሦስት ሰዓት ቲክቶክ ላይ የሚያሳልፍ ሰው «10 ደቂቃ ብቻ» ብሎ ቢጀምር በሦስተኛው ቀን ገደቡን ራሱ ያነሣዋል። ማንሣቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ይበቃል። ትልቁ ድክመቱም ይኸው ነው።

ይህ ለአንድ አፕ የሚሰጥ የቀን ገደብ፣ «አፕ ታይመር» የሚባለው፣ ሌላም ቀዳዳ አለው። ቆጠራው የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለሆነ 20 ደቂቃችሁን ጨርሳችሁ እስከዚያ ካልተኛችሁ ሌላ 20 ደቂቃ ይመረቅላችኋል። ፌስቡክና ፌስቡክ ላይትን እንደ ሁለት አፕ ይቆጥራል። ክሮም ላይ የሚከፈተውንም ለብቻው ካልገደባችሁት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እሑድንም ከሌላው ቀን አይለይም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላቲን ሥርዓት ጾሙ ከሚጀምርበት ከዐመድ ረቡዕ እስከ ቀዳም ስዑር ያለው 46 ቀን ነው፤ 40 የሚሞላው ስድስቱ እሑዶች ሲቀነሱ ነው። እሑድ ውሳኔውን ላላ የሚያደርግ ሰው ታይመሩን በየሳምንቱ ሊያነሣና ሊመልስ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ መመለሱ ይረሳል።

ስለዚህ ታይመሩን ተዉትና «ፎከስ ሞድ»ን ተጠቀሙ። የሚታገዱትን አፖች ትመርጣላችሁ፣ ሰዓትና ቀን ትሰጡታላችሁ፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ተኩል። የታገደው አፕ ማሳወቂያም አይልክም። እረፍት ስትጠይቁት 5፣ 15 ወይም 30 ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ ከ5ቱ አትለፉ። ቴሌግራምን ግን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የፈተና ክፍሉን፣ የቁምስና መዘምራንም የልምምድ ሰዓታቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። ቻናሎቹን ድምፅ አጥፍታችሁ ወደ አርካይቭ ላኩና ግሩፖቹን ተዉአቸው።

ለጸሎት ማንቂያ ስትሞሉ ደግሞ ከሰዓት አቆጣጠራችን ጋር እንዳትጋጩ። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በጌታ ሞት ሰዓት፣ ልትጸልዩ ከሆነ ስልኩ ላይ የሚሞላው 3:00 ፒኤም ነው። 9:00 ፒኤም ያለ ሰው ማንቂያው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እራት ላይ ይጮኽበታል። የጌታን የሕማም መንገድ ለሚያስታውሰው ጸሎት፣ ለፍኖተ መስቀል፣ ግን ስልክ አይመከርም፤ አሥራ አራቱን ምዕራፎች ከስልክ የሚያነብ ሰው አራተኛው ላይ መልእክት ይገባበታል። ወረቀት ይሻላል።

ነጥብ ስጡ ከተባለ፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ ከ10 ሰባት፣ ለጸሎት ሁለት። ስልኩ የከፈታችሁትን አፕ ይቆጥራል፤ መቁጠሪያውን መድገማችሁን ግን አያውቅም።

ያንን ካሬ ደብተር ይሠራዋል፤ መብራት ጠፋ፣ ባትሪ አለቀ አይልም። ገጹን አግድም አዙሩና 40 ሳጥን ቁጠሩ። ወደ ታች ሦስት መስመር ብቻ፦ ጾም፣ ጸሎት፣ ምጽዋት። አራተኛ መስመር የጨመረ ሰው ሦስቱንም ይጥላል። መስመሩ ላይ የሚጻፈው የሚቆጠር ነገር ይሁን፤ «በደንብ እጸልያለሁ» አይቆጠርም፣ «ከመኝታ በፊት አንድ ምሥጢር ከመቁጠሪያው» ይቆጠራል። ምልክቱ የሚደረገው በዕለቱ ነው። ያለፈውን ባዶ ሳጥን በነጋታው መሙላት ደብተሩን ውሸታም ያደርገዋል። ሁለት ቀን በተከታታይ ባዶ ከሆነ መጠኑን ቀንሱ እንጂ ለማካካስ እጥፍ አታድርጉ።

ባዶ ሳጥን ያየ ሰው ኃጢአት ቆጠርኩ ብሎ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር ይለይ። ቤተ ክርስቲያን የምታዘው ሌላ ነው፦ በላቲን ሥርዓት ሕግ 14 ዓመት የሞላው ዓርብ ከሥጋ ይከለከላል፤ ከ18 እስከ 59 ያለው ደግሞ የዐመድ ረቡዕንና ስቅለትን ይጾማል። የግል ውሳኔ ከዚያ በላይ በፈቃድ የሚጨመር ነው። ስእለት ግን ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቃል ስለሆነ ይጠበቃል። ስለዚህ የቲክቶኩን ነገር በሞቅታ «ተስያለሁ» አትበሉት፤ ካላችሁ ቄሱን አማክሩ።

ለምጽዋቱ መስመር የሚመች መንገድ አለ። የወር የዳታ ጥቅል የሚገዛ ሰው ለጾሙ በሳምንታዊ ትንሹ ይቀይር፤ ልዩነቱን በዚያው ሰዓት፣ ሌላ ነገር ሳይነካው፣ በቴሌብር ይላክ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ ይክተት። «መጨረሻ ላይ አሰላዋለሁ» የተባለ ገንዘብ ሆሳዕና ሳይደርስ ዶሮና ቅቤ ሆኖ ያልቃል።

አይፎን የያዛችሁ «ስክሪን ታይም» ለእያንዳንዱ ቀን የተለያየ ገደብ ይቀበላል፤ የይለፍ ቃልም አለው። ቁጥሩን ለእህታችሁ ወይም ለክርስትና እናታችሁ አስሞሉ፣ እናንተ ዞር በሉ።